የኋላ ወንበር

ሐሙስ፣ ሰኔ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ሊነጋጋ ሲል

እንቅልፍ እንቢ ብሎኛል። ከአንድ ሰዓት በፊት ካማን ማሉአች የተባለ የ18 ዓመት ወጣት ብሩክሊን ውስጥ ስሙ ሲጠራ በስልኬ እያየሁ ሳላስበው አለቀስኩ። ዘመዴ አይደለም፤ የአገሬ ልጅም አይደለም። ባለቤቴ ነቅታ «ምን ሆንክ? ክፉ ነገር ሰማህ እንዴ?» አለችኝ። ደህና መሆኔን ነግሬያት በሩን ቀስ ብዬ ዘጋሁና ወደ ሳሎን ወጣሁ። የምጽፈው በጨለማ ቆሜ ልነግራት ያልቻልኩትን ነው።

ድራፍት የሚሉት ነገር እኛ ከለመድነው የእግር ኳስ ዝውውር ይለያል። የኤንቢኤ፣ ማለትም የአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ 30 ክለቦች በየዓመቱ ተራ በተራ አዳዲስ ተጫዋቾችን ይመርጣሉ፤ ወጣቱ ክለቡን አይመርጥም፣ ክለቡ ነው ወጣቱን የሚመርጠው። ካማን 10ኛ ተጠራ። የጠራው ሂውስተን ስለሆነ የሂውስተንን ኮፍያ አደረገ፤ የሚጫወተው ግን ለፊኒክስ ሰንስ ነው። ታዋቂው ተጫዋች ኬቨን ዱራንት ከፊኒክስ ወደ ሂውስተን እንዲሄድ ክለቦቹ ከቀናት በፊት ሲስማሙ፣ ይህ 10ኛ ምርጫ በልዋጩ ከሚሰጡት መካከል ነበር። እንግዲህ ልጁ ገና ስሙ ሳይጠራ ሂሳቡ ተሠርቶ አልቆ ነበር ማለት ነው። በዱክ ዩኒቨርሲቲ አብረውት የተጫወቱት ኩፐር ፍላግ 1ኛ፣ ኮን ክኑፐል 4ኛ ሆነው ተመርጠዋል። በአንድ ሌሊት፣ ከአንድ ቡድን፣ ከ10ዎቹ ሦስቱ።

ማይክሮፎኑ ሲቀርብለት እንባው ቀደመው። ያንን ረጅም ሰው እንደ ሕፃን ሲያለቅስ ሳይ ነው እኔም ያልቻልኩት።

ካማን የተወለደው ዛሬ ደቡብ ሱዳን በምትባለው አገር፣ ሩምቤክ ነው፣ እ.ኤ.አ. መስከረም 14 ቀን 2006። በእኛ አቆጣጠር 1999 ዓ.ም. በገባ በአራተኛው ቀን መሆኑ ነው። ያኔ ደቡብ ሱዳን ራሷን የቻለች አገር አልነበረችም፤ የረጅሙ የእርስ በርስ ጦርነት የሰላም ስምምነት ከተፈረመ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም። ቤተሰቡ እሱ ትንሽ ልጅ ሳለ ወደ ኡጋንዳ ተሻገረ፤ ያደገው ካዌምፔ በተባለው የካምፓላ ክፍል ነው። ደጋግሜ ያነበብኩት፣ ባነበብኩት ቁጥርም ደረቴን የሚወጋኝ ታሪክ የሚጀምረው እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ልጁ በመንገድ እየሄደ ሳለ አንድ የሞተር ብስክሌት ነጂ አጠገቡ ቆመና «ቅርጫት ኳስ ለምን አትጫወትም?» አለው። በቃ፣ ይኸው ነው። የማያውቀው ሰው ሞተሩን አቁሞ ቁመቱን አየና የታየውን ነገረው። ልጁ በእግሩ የሚስማማ የስፖርት ጫማ ስላልነበረው የመጀመሪያውን ልምምድ በፕላስቲክ ክሮክስ አደረገ። ሜዳው ከቤቱ በእግር የአንድ ሰዓት መንገድ ነበር።

ያ ሞተረኛ እኔ ያላደረግኩትን ነው ያደረገው።

በ1994 ዓ.ም. ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ ጋምቤላ ተመደብኩ፤ የጂኦግራፊ መምህር ሆኜ። 23 ዓመቴ ነበር። በዚያ ሙቀት ከሰዓት በኋላ ማስተማር ምን እንደሚመስል የሚያውቀው ያየው ብቻ ነው፤ ቆርቆሮው ይንጣጣል፣ ጠመኔው በላብ ይረጥባል፣ ተማሪው በመስኮት ወደ ማንጎው ጥላ ያያል። ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ አንድ የኑዌር ልጅ ነበረኝ። ጦርነቱን ሸሽቶ ከድንበሩ ማዶ የመጣ፣ አጎቱ ቤት የሚኖር፣ ግንባሩ ላይ ስድስቱ መስመሮች ገና አዲስ የሆኑ ልጅ። ዕድሜው 16 ቢሆን ነው። ሲቆም ራሱን ከበሩ ጉበን በታች ዝቅ ማድረግ ነበረበት። እግሮቹ ዴስኩ ሥር አይገቡም፤ መተላለፊያው ላይ ተዘርግተው ይውላሉ። እኔም በየቀኑ፣ ያለ ማጋነን በየቀኑ «እግርህን ሰብስብ!» እለዋለሁ። «እሺ ቲቸር» ይለኛል። ሰብስቦ፣ ታጥፎ፣ ተጨማድዶ ይቀመጣል። ከአምስት ደቂቃ በኋላ እግሮቹ ተመልሰው ይወጣሉ።

ለቁመቱ አንድ ሥራ ሰጥቼው ነበር። የአፍሪካን ካርታ ሰሌዳው ላይ የሚሰቅለው፣ የሰሌዳውንም ጫፍ የሚያጠፋው እሱ ነበር። ወንበር ላይ መቆም አያስፈልገውም። በካርታው ላይ ሱዳን አንድ ነበረች፤ የእሱ አገር የምትባል አገር አልተሣለችም።

ይህን ሁሉ ስጽፍ እጄ የሚከብደኝ ለምንድን ነው? ቅርጫት ኳስ አውቅ ስለነበር ነው። አዲስ አበባ ሁለተኛ ደረጃ ሳለሁ ለትምህርት ቤቴ ተጫውቻለሁ፤ አጭር ስለሆንኩ ኳስ አከፋፋይ ነበርኩ። አንድ ረጅም ልጅ ቀለበቱ ሥር ሲቆም ለአከፋፋይ ምን ያህል ነገር እንደሚቀልለት በእጄ አውቀዋለሁ። የዚያ ጋምቤላ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ደግሞ ሰሌዳው ተገንጥሎ ቀለበቱ ብቻ የቀረ የዛገ ምሰሶ ነበር። በየቀኑ በአጠገቡ አልፋለሁ። ልጁም በአጠገቡ ያልፋል። አንድ ቀን፣ አንድ ቅዳሜ፣ ኳስ ፈልጌ «ና እስቲ» ብዬው ቢሆን ኖሮ ምን እንደሚሆን አላውቅም፤ ምናልባት ምንም ላይሆን ይችላል። ግን አላልኩትም። ረጅም መሆኑን ያየሁት መንገድ የዘጋብኝ ነገር አድርጌ ነበር።

በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት አንድ ሰኞ የኋላ ወንበሩ ባዶ ሆነ። የክፍል ጓደኞቹ ወደ ማዶ ተመለሰ አሉኝ።

ካማን ግን ተጠራ። በ14 ዓመቱ ሴኔጋል፣ ሳሊ ወደሚገኘው የኤንቢኤ የአፍሪካ አካዳሚ ገባ። በአፍሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ ሦስት ዓመት ለሦስት ክለቦች ተጫወተ፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ለአገሩ ኮብራ ስፖርት፣ በ2023 ለሴኔጋሉ ዱዋን፣ በ2024 ለኡጋንዳው ሲቲ ኦይለርስ። የመጀመሪያውን ሲጫወት 15 ዓመቱ ነበር። ከአዋቂ፣ ጢም ካወጣ፣ ልጆች ካሳደገ ሰው ጋር ቀለበት ሥር ትከሻ ለትከሻ መገፋፋት ለዚያ ዕድሜ ቀላል አይደለም። ረጅም ልጅ ቁመቱ ብቻ እንደሚያጫውተው የሚያስብ ሰው ብዙ ነው፤ ይህን ሳነብ እናደዳለሁ። ካማን ጫማውን አውልቆ ሲለካ 2 ሜትር ከ15 ገደማ ነው፤ ሳይዘል እጁን ወደ ላይ ሲዘረጋ 3 ሜትር ከ5 ሳንቲሜትር ላይ ለተሰቀለው ቀለበት የሚቀረው 15 ሳንቲሜትር ያህል ብቻ ነው። እሱን ተፈጥሮ ሰጥታዋለች። እግርን ማሽከርከር፣ ተከላካይን በጀርባ መያዝ፣ ኳሱ ከቀለበቱ ሲነጥር የት እንደሚወድቅ አስቀድሞ መገመት፣ ፋውል ሳይሠሩ እጅን ቀጥ አድርጎ መዝለል ግን በልምምድ የሚገኝ ነው፤ እሱ ደግሞ ከተጀመረ ገና ስድስት ዓመቱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2023 ማኒላ ላይ በ16 ዓመቱ የዓለም ዋንጫ ተጫወተ። አገሩ ለመጀመሪያ ጊዜ በተሳተፈችበት ውድድር አንጎላን 101 ለ78 አሸንፋ ከአፍሪካ የተሻለውን ደረጃ ያዘችና የፓሪስ ኦሊምፒክን ትኬት ቆረጠች። ያኔ ጣሪያ ያለው አንድ ሜዳ ያልነበራት አገር! የፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሉኦል ዴንግ ቡድኑን ከራሱ ኪስ እያወጣ ነው እዚህ ያደረሰው። ዴንግ ራሱ ከዋው ከተማ ተሰድዶ ግብፅ ሳለ በኤንቢኤ ከተጫወተው ከአገሩ ልጅ ከማኑት ቦል ጋር የተገናኘ፣ በኋላ በለንደን አድጎ በዱክ የተጫወተ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 በድራፍት 7ኛ የተመረጠ ሰው ነው። በዚያ ሌሊት የዴንግን ስም የጠራው ክለብ ፊኒክስ ነበር፤ ወዲያው ለቺካጎ አሳለፈው። አሁን ከ21 ዓመት በኋላ ሌላ የዱክ ልጅ በተገላቢጦሽ፣ በሌላ ክለብ ተጠርቶ ወደ ፊኒክስ ሲሄድ ዴንግ ምን ተሰማው ይሆን?

ባለፈው ዓመት ሐምሌ ለንደን ላይ ከአሜሪካ ጋር ያደረጉትን የወዳጅነት ጨዋታ ያየሁት ከልጄ ጋር ነው። 101 ለ100። ሊብሮን ጄምስ 8 ሰከንድ ሲቀር ባያገባ ኖሮ ዓለም ሌላ ወሬ ያወራ ነበር። ከሳምንት በኋላ በፈረንሳይዋ ሊል ከተማ፣ በኦሊምፒኩ የመጀመሪያ ጨዋታቸው፣ የተሳሳተ መዝሙር ተዘመረላቸው፤ የሱዳን መዝሙር። ተለያይተው የራሳቸውን አገር ለመመሥረት ያን ያህል ደም የፈሰሰበት ሕዝብ፣ በዓለም ፊት የጎረቤቱን መዝሙር ሲሰማ ልጆቹ ቆመው ጠበቁ። ትክክለኛው እስኪመጣ ጠበቁ። ከዚያም ፖርቶ ሪኮን 90 ለ79 አሸነፉ። ካማን በ17 ዓመቱ የዚያ ቡድን አባል ነበር። እኔ ያን ቀን ያሰብኩት ያንን የድሮ ካርታዬን ነው።

ዱክ ላይ ያሳለፈው አንድ ዓመት መልካም ነበር፤ በአማካይ 8.6 ነጥብና 6.6 ሪባውንድ (ከቀለበቱ ሲነጥር የተያዘ ኳስ)፣ ከሞከራቸው 100 ኳሶች 71 ያህሉ የገቡለት። ከቁጥሩ ይልቅ የማልረሳው ግን አንድ ቀን ነው፤ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 5 ቀን 2025። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የደቡብ ሱዳን ፓስፖርት የያዙ ሰዎች ሁሉ ቪዛ መሰረዙን አስታወቀ፤ ምክንያቱም አገሪቱ ከአሜሪካ የሚባረሩትን በጊዜው አልተቀበለችም የሚል ነበር። በዚያው ቀን ማታ ካማን ሳን አንቶኒዮ ላይ በዩኒቨርሲቲዎች ውድድር ግማሽ ፍጻሜ ከሂውስተን ዩኒቨርሲቲ ጋር መጫወት ነበረበት። ተጫወተ። ዱክ በሁለተኛው አጋማሽ 14 ነጥብ ይመራ ነበር፤ በመጨረሻው 33 ሰከንድ 9 ነጥብ በተከታታይ ገባበትና 70 ለ67 ተሸነፈ። ካማን በ21 ደቂቃ አንድም ሪባውንድ አልያዘም። በማግስቱ ብዙ ሰው ይህን ዜሮ እያነሣ ሲወቅሰው አነበብኩ። እንደ ተጫዋች ይወቀስ፤ ጨዋታ ነውና። እኔ ግን በዚያ ቀን ስልኩን ከፍቶ አገሩ ስትጠራ ያነበበውን ልጅ ነው የማየው። ፓስፖርትህ ምን እንደሚያመጣብህ ሳታውቅ ኳስ ሲነጥር መከተል ይቻላል? ቪዛ ጠብቆ የሚያውቅ ሐበሻ መልሱን ከእኔ አይፈልግም።

ከፊቱ ያለው መንገድ ረጅም ነው። ኤንቢኤ ውስጥ ተቀምጦ መጠበቅ አለ፣ ጉዳት አለ፣ መሸጥና መለወጥ አለ። እንደማስበው በመጀመሪያው ዓመት ብዙ ላያጫውቱት ይችላሉ፤ እጁ ገና ኳስ እየለመደ ነው፣ ሰውነቱም ገና ክብደት ይፈልጋል። ቢያንስ ግን እግሩን ዘርግቶ የሚቆምበት ሜዳ አግኝቷል።

ቅድም፣ ይህን መጻፍ ከመጀመሬ በፊት፣ ከቁም ሳጥኑ ሥር ያለውን የፎቶ ካርቶን አወጣሁ። የ1994ቱ የክፍል ፎቶ አለ፤ ጠርዙ በእርጥበት ቢጠቁርም ፊቶቹ ይታያሉ። ከፊት ተቀምጠው፣ ከመካከል ተንበርክከው፣ ከኋላ ቆመው። እኔ በጎን ቆሜያለሁ፣ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ። የኋላው ረድፍ ጫፍ ላይ እሱ አለ። ጉልበቱን አጥፎ፣ ትከሻውን ሰብስቦ፣ አንገቱን ወደ ጎን ዘንበል አድርጎ ከሌሎቹ ጋር እኩል ለመሆን ይታገላል። ፎቶ አንሺው አልነበረም ያለው። «ጎንበስ በል፣ ራስህ ይቆረጣል» ያልኩት እኔ ነኝ። «እሺ ቲቸር» አለኝ፣ ጎንበስም አለ።