«ደርሷል» የሚል ማኅተም

ያኔ ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ ባንክ ቅርንጫፍ ነገረ ፈጅ ነበርኩ። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነው፤ ሕግ የጨረስኩ ይመስለኝ ነበር።

ከከተማዋ ዳር አንድ ዱቄት ፋብሪካ ነበር። ቦታው ድሮ በባሶና ወራና ወረዳ ሥር ሆኖ ኋላ ወደ ከተማው የተካለለ ነው። ባለቤቱ ፋብሪካውን አስይዞ ከእኛ ተበደረ። የመያዣ ውሉን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። የዕዳው መጠን በብር ተጽፏል፣ ባልና ሚስት ፈርመዋል፣ ምስክሮች አሉ፤ ዛሬም ባየው የማላፍርበት ውል ነው። የምዝገባውን ደብዳቤ ግን አሮጌውን ካርታ እያየሁ ለወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት አደረግሁት። ይባስ ብሎ ራሴ አልወሰድኩትም። የኅዳር ብርድ ነው፣ የደብረ ብርሃንን ብርድ ያየ ያውቀዋል፤ የተበዳሪው ሹፌር «በዚያው ነኝ፣ ላድርስልህ» ሲለኝ ደስ ብሎኝ ሰጠሁት። በማግስቱ ቅጂው «ደርሷል» የሚል ማኅተም አርፎበት ተመለሰ። ከፋይሉ ጋር አያያዝኩት፤ ብድሩም ተለቀቀ።

ሦስት ዓመት ሳይሞላ ፋብሪካው መክፈል አቆመ። በ1990 የወጣው አዋጅ ቁጥር 97 ባንክ በመያዣ የያዘውን ንብረት፣ ውሉ ሥልጣን እስከሰጠውና የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ እስከሰጠ ድረስ፣ ፍርድ ቤት ሳይሄድ በሐራጅ እንዲሸጥ ይፈቅዳል። ማስጠንቀቂያ ሰጠን። ቀኑ ሳይሞላ ባለዕዳው መክሰሩን ራሱ አስታውቆ ፍርድ ቤት ገባ፤ የመክሰር ውሳኔ ተሰጠ፣ የከሰረውን ሰው ሀብት የሚያስተዳድር ንብረት ጠባቂም ተሾመ። ሥራ አስኪያጃችን አልደነገጡም፣ እኔም አልደነገጥኩም። እኛ ባለመያዣ ነን፤ ሌላው የተረፈውን ይካፈላል።

ባለገንዘቦቹ፣ ማለትም ከፋብሪካው ገንዘብ የሚጠይቁት፣ የተሰበሰቡ ዕለት ደመወዛቸውን ያላገኙ ሠራተኞች፣ ጆንያ አቅራቢው፣ ከእነዋሪና ከደነባ ስንዴ በዱቤ ያስገቡ ነጋዴዎች ሁሉ መጥተው ነበር። የነጋዴዎቹ ጠበቃ ከአባቴ የማያንሱ ሰው ናቸው። ውሉን ገልበጥ ገልበጥ አደረጉና፣

«ልጄ፣ ውሉ ደኅና ነው። አሁን የተመዘገበበትን ገጽ አሳየኝ» አሉኝ።

ደብዳቤውን ሰጠኋቸው።

«ይኼማ ደብዳቤው መድረሱን ነው የሚናገረው» አሉና በቀስታ መለሱልኝ። ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር።

ከሰዓት ወረዳው መዝገብ ቤት ሄድኩ። የመዝገብ ቤቱ ጋሼ ብዙም ሳይፈልጉ አገኙት፤ ከገቢ ደብዳቤዎች ጋር ተሰፍቶ ተቀምጧል። ጥጉ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ቦታው ወደ ከተማ ተካልሏል፤ ይህ ተገልጾ ይመለስ» የሚል ምሪት አለ። የመለሰው የለም። እኔም ጠይቄ አላውቅም። ወደ ከተማው መሬት ክፍል ሮጥኩ። የፋብሪካው ገጽ ላይ ስለ መያዣ አንዲት መስመር የለችም።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 3052 መያዣ ውጤት የሚኖረው ንብረቱ በሚገኝበት ቦታ ባለው የማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ ከገባበት ቀን ጀምሮ ነው ይላል። ለፈተና በቃሌ ሸምድጄዋለሁ፤ «በሚገኝበት ቦታ» የምትለውን ግን ያን ቀን ነው ያነበብኳት ማለት ይቻላል።

ሥራ አስኪያጁ «ዛሬውኑ ይመዝገብ!» አሉ። አይሆንም አልኳቸው፤ በሥራ ዘመኔ ለአለቃ አይሆንም ያልኩበት የመጀመሪያው ቀን ነው። ጉዳዩ የንግድ ሕጉ በ2013 በአዋጅ ቁጥር 1243 ከመለወጡ በፊት ስለሆነ የሚሠራበት የ1952ቱ ሕግ ነበር። በእሱ መሠረት ባለዕዳው መክፈል ካቆመ በኋላ ለቀድሞ ዕዳ የሚሰጥ መያዣ በሌሎቹ ባለገንዘቦች ላይ አይጸናም። የእኛ መያዣ ደግሞ የሚወለደው በተመዘገበበት ቀን ነው። ያን ቀን ብናስመዘግበው ሞቶ የተወለደ ልጅ ነው። እሳቸው ግን ሕጉን «የወረቀት ጨዋታ» ብለው ተቆጡ፤ ገንዘቡን የሰጠነው እኛ፣ የፈረመው ባለዕዳው፣ ታዲያ ማን ተታለለ? እኔም በልቤ ከእሳቸው ጋር ነበርኩ።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ኮሪደር ላይ ከእነዋሪ የመጡ አንዲት የስንዴ ነጋዴ አጠገቤ ተቀመጡ። የባንኩ ሰው መሆኔን ሲያውቁ ፊታቸው ተለወጠ።

«አንተ ልጅ፣ እኔ እኮ እንዲሁ አላበደርኩም። ስንዴዬን ከመልቀቄ በፊት ልጄን ከተማው መሬት ክፍል ልኬ አስጠይቄያለሁ። ከዕዳና እገዳ ነፃ ነው ተባልኩ። ታዲያ ዋሹኝ?»

«አልዋሹዎትም፣ እትዬ» አልኳቸው። ሌላ የምለው አልነበረኝም። የተታለለው ማን እንደሆነ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር።

ፍርድ ቤቱ ያልተመዘገበው መያዣችን በሌሎቹ ባለገንዘቦች ላይ መቃወሚያ አይሆንም አለ። ዕዳው ዕዳ ነው፣ እሱን ማንም አልካደንም፤ ግን ከጆንያ አቅራቢውና ከስንዴ ነጋዴዎቹ ጋር እኩል ተሰልፈን፣ ሒሳቡ በየገንዘባችን መጠን ተከፋፈለ። ማንም ሙሉውን አላገኘም። ማስጠንቀቂያ ተጻፈብኝ፤ ሲያንሰኝ ነው። ለሹፌሩ ግን እስከ ዛሬ አልተናደድኩበትም፤ የሰጠሁትን አድርሷል።

አሁን ሌላ ቦታ ነው የምሠራው። ለተንቀሳቃሽ ንብረት ከ2011ዱ አዋጅ ቁጥር 1147 ወዲህ በብሔራዊ ባንክ ሥር የኤሌክትሮኒክ መዝገብ አለ፤ ለሕንፃ ግን የማምነው እግሬን ነው። ደብዳቤውን ራሴ ይዤ እሄዳለሁ፤ «ተወውና ነገ ና» ሲሉኝ አግዳሚው ላይ እቀመጣለሁ። የገጹን ቁጥርና ቀኑን በዓይኔ አይቼ እጽፋለሁ። ምዝገባው የሚያገለግለው 10 ዓመት ስለሆነ የሚታደስበትንም ቀን ከጎኑ አሰፍራለሁ። ጓደኞቼ መሐል ሜዳ ከተማ ድረስ ለአንዲት ፊርማ መሄዴን ይስቁበታል።

እትዬን ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው ድርሻቸውን በተቀበሉ ዕለት ነው። ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ ከጠበቃቸው ሰምተዋል። ብሩን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው አዩኝ፣ አዩኝና፣

«ጥፋትህ ለእኔ በጀኝ፤ ምን ልበልህ?» አሉኝ። «ከሥራ እንዳያባርሩህ ለጻድቃኔ ማርያም ጧፍ ተስዬልሃለሁ።»