ሃይላንዱ እስኪያልበው

ባለፈው ዓመት መጋቢት ላይ ከጅማ ወደ ጋምቤላ የዘጠኝ ቀን ፊልድ ነበረን። ስድስት ሰው ነን። አራት መረጃ ሰብሳቢዎች፣ ሾፌራችን ጋሼ፣ እና እኔ። ጋሼ ስማቸው አይደለም፤ ግን ግቢ ውስጥ በስማቸው የሚጠራቸው ሰው ሰምቼ አላውቅም። የእኔ ሥራ ስምሪት ማዘጋጀት ነው። አበል፣ ነዳጅ፣ የትብብር ደብዳቤ፣ አልጋ መያዝ፣ ከሁሉም መጨረሻ ደግሞ "ለጤናና ለምቾት የሚያስፈልጉ" የምትል አንዲት መስመር አለች። ጉድ ያፈላችብኝ ይቺ የመጨረሻዋ ናት።

እኛ የጅማ ልጆች ስለ ሙቀት ምን እናውቃለን? የምናውቀው ዝናብ ነው። በጋ ነው ብለን ጃንጥላ ጥለን ወጥተን፣ ከጅማው መርካቶ ሳንመለስ በስብሰን የምንገባ ሰዎች ነን። ስለዚህ ኢንተርኔት ከፍቼ ለሞቃት አገር ጉዞ ምን እንደሚያዝ ፈለግኩ። የወጣልኝ ዝርዝር ባሕር ዳር አሸዋ ላይ ለሚጋደም ሰው የተጻፈ ነው። ጋምቤላ ባሮ እንጂ ባሕር የለም፤ እኔ ግን ቃል በቃል አመንኩት። ፈረንጅ አራዳም መርካቶም ዞሬ የአንገት ትራስ፣ የዓይን መሸፈኛ፣ ሰንስክሪን፣ ሳኒታይዘር፣ እርጥብ ሶፍት፣ በፓወር ባንክ የምትሠራ ትንሽዬ ፋንም ገዛሁ። ደረሰኙን ሳስረክብ ኩራቴ ለጉድ ነበር።

የመኪናውን የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥን የከፈትኩት ለወጉ ያህል ነው። ውስጡ የደረቀ ፕላስተር፣ የተጀመረ ጎዝና አንድ ጓንት አለ። አንድ ብቻ። ሁለተኛው የት እንደሄደ የሚያውቅ የለም። ፓራሲታሞልና አምስት ፓኬት ለምለም ጨመርኩና ዘጋሁት።

ጋሼ ስኳር አለባቸው። በቀን ሁለቴ ኢንሱሊን ይወጋሉ። ሁላችንም እናውቃለን፤ ደብቀውትም አያውቁም። ለጉዞ ሲነሱ ብልቃጦቹን በላስቲክ ጠቅልለው፣ በእርጥብ ጨርቅ ሸፍነው፣ ትንሽዬ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ ያስቀምጧቸዋል። ማሰሮዋ ከመቀመጫቸው ሥር ናት። ጨርቁ ሲደርቅ ውሃ ጠብ ያደርጉበታል። እኔ ይህን ሳይ ሳቅኩ። እውነቴን ነው፣ ሳቅኩ።

"ጋሼ፣ አይስ ቦክስ አለን እኮ! አዲስ ነው።"

"ይሄም አላሳፈረኝም፣ ልጄ። ስንት ዓመት ነዳሁበት።"

"ጋምቤላ እኮ ነው የምንሄደው! 40 ዲግሪ!"

ዝም አሉኝ። ዝም ሲሉ እሺ ማለታቸው ነው ብዬ ተረጎምኩት። በዋዜማው አራት ግማሽ ሊትር ሃይላንድ አጂፕ አካባቢ ያለ የዘመዴ ሱቅ ፍሪዘር ውስጥ አሳደርኩ። ንጋት ላይ ሳወጣቸው ድንጋይ ሆነዋል። የተጀመረውን ብልቃጥና ሁለቱን መጠባበቂያ በመካከላቸው ሰክቼ፣ ግጥም አድርጌ ዘጋሁ። ጨርቅ የለ፣ ካርቶን የለ። ብልቃጥና በረዶ ተቃቅፈው ተጓዙ።

መንገዱን አላበዛውም። አጋሮን አልፈን፣ ዴዴሳን ተሻግረን፣ በደሌ ምሳ በልተን መቱ አደርን። ለአንገት ትራሱ ፍትሕ ልስጠው፤ ለዚያ ሁሉ ጥምዝምዝ መንገድ የተሠራ ነው የሚመስለው። በማግስቱ ጎሬ ላይ ሹራብ ለብሰን ሻይ ጠጣን። ከዚያ ቁልቁለቱ ሲጀምር ጆሮ ይደፈናል፣ ሹራብ ይወልቃል፣ ቀጥሎ ጫማም ማውለቅ ያምራል። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ጋምቤላ ደግሞ 500 ሜትር አካባቢ። ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ታች ወርደሃል ማለት ነው፤ ሰውነትህ ግን ገና ጅማ ነው ያለው።

ጋምቤላ ስንደርስ ያቺን ፋን አወጣኋት። የነፈሰችብኝ የምጣድ ትንፋሽ ነው። አየሩ ራሱ ከሰውነት በላይ ሲሞቅ ፋን ምን ታድርግ? የረዳችን አንዷ መረጃ ሰብሳቢ የያዘቻት ነጠላ ናት። ውሃ እየነከርን በተራ አንገታችን ላይ ጣል እናደርጋት ነበር።

ሥራው ተጀመረ። እኔ ልክ እንደ እናት ለምለም እያዞርኩ ሰው አጠጣለሁ። አንድ ፓኬት በግማሽ ሊትር ሃይላንድ እበጠብጣለሁ። "ኧረ ጨው ሆነ!" ሲሉኝ፣ "መድኃኒት ነው፣ ጠጡ" እላለሁ። አንድ ፓኬት ለአንድ ሊትር ውሃ እንደሆነ ፓኬቱ ላይ ተጽፏል። አላነበብኩትም።

ጋሼ ውሃ በውሃ ሆኑ። አንዱን ሃይላንድ ጨርሰው ሌላ ይከፍታሉ። "ሙቀቱ ነው" አልን። ደክሟቸዋል። "ሙቀቱ ነው።" ከመንደሩ ጥግ ጥላ ሥር አቁመው ይጠብቁናል፣ ስንመለስ ወይ ተኝተዋል ወይ ዛፍ ጀርባ ሄደዋል። አንዱ ልጅ አዝኖላቸው ቀዝቃዛ ለስላሳ ገዝቶ አመጣ። "አይ ልጄ፣ እኔን ልትገድለኝ ነው?" ብለው ስቀው መለሱለት። መርፌያቸውን አላጓደሉም። ጠዋትና ማታ ከእኔ ዘመናዊ አይስ ቦክስ እያወጡ ይወጋሉ። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ከሆቴሉ ፍሪዘር አዲስ የተጋገረ ሃይላንድ እኔው ነኝ የምቀይረው። እንዴት ያለ ትጋት ነው!

በአራተኛው ቀን ከሰዓት ጠጠር መንገድ ላይ ቀስ አድርገው መኪናውን ዳር አስያዙ። ሞተር አጠፉ። ሁለት እጃቸው መሪው ላይ ነው።

"ልጄ፣ መንገዱ ብዥ አለብኝ። ከዚህ በኋላ አልነዳም።"

ይህቺን ቃል ሳስባት እስካሁን ሆዴ ይንቦጫቦጫል። ስድስት ሰው ይዞ "ደርሻለሁ" ብሎ የሚገፋ ሾፌር ስንት አለ? መንጃ ፈቃድ ያለው አንዱ ልጅ መሪውን ያዘና ቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሄድን።

የተቀበለን ወጣት ነርስ ነው። እኔ ገና ሳልቀመጥ "ሙቀት ነው፣ ፈሳሽ አልቆባቸው ነው" ብዬ ምርመራውን ጨረስኩለት። እሱ ወደ እኔም አላየ። ጋሼን፣ "አባቴ፣ ዛሬ ስንት ጊዜ ሸኑ?" አላቸው። ቆጥረው አልጨረሱም።

"ሙቀት ያደረቀው ሰው ሽንቱ ያንሳል፣ ይጠቁራል። እሳቸው ይሄን ሁሉ እየሸኑ እንዴት ሙቀት ብቻ ይሆናል?" አለኝ። ጣታቸውን ወጋ። ስኳራቸው 438።

የራሳቸው የስኳር መለኪያ ጅማ፣ ቤታቸው፣ መሳቢያ ውስጥ ነው። "ለዘጠኝ ቀን ምን ያደርግልኛል ብዬ" አሉ። እኔም ይዘው እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም። ስለ ሰንስክሪን ግን ሁሉንም ጠይቄ ነበር።

ነርሱ ኢንሱሊኑን አሳዩኝ አለ። አይስ ቦክሱን አቀረብኩለት፣ ያውም በኩራት። ብልቃጡን በመዳፉ መሃል ቀስ ብሎ አንከባለለውና ወደ መስኮቱ አነሳው። ይሄ ዓይነቱ ኢንሱሊን ሲንከባለል ወጥ ሆኖ እንደ ወተት መንጣት ነበረበት። የእኛ ግን የተቆራረጠ ወተት ሆኗል። ቅንጣት ቅንጣት እየሆነ ብልቃጡ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል።

"ይሄንን ውርጭ መትቶታል" አለ።

"ጋምቤላ ውስጥ?"

"ሳጥንሽ ውስጥ።"

ኢንሱሊን ፍሪጅ ውስጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው የሚቀመጠው። አንዴ በረዶ ከሠራ ግን አለቀለት፤ መልሶ ቢቀልጥም ኃይሉ አይመለስም፣ ይጣላል። ጋሼ አራት ቀን ሙሉ ሲወጉት የነበረው ፈሳሽ ጥቅሙ ከውሃ ብዙም የሚሻል አልነበረም። በኋላ እንደነገሩኝ መቱ ላይ ቅንጣቶቹን አይተዋቸው ነበር። ሳጥኑ የእኔ ስለሆነ፣ ቅር እንዳይለኝ ብለው ዝም አሉ። ይሄም ሌላ በሽታችን ነው።

ነርሱ አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ለክትባት የሚጠቀሙበትን አይስ ፓክ ከፍሪዘር አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ አኖረው። ደረቅ ነው፣ ነጭ አመዳይ ለብሷል። የጋሼን ወረቀት ሲጽፍ ቆይቶ ተመልሶ ሲነካው ላቡ ጠብ ጠብ ይላል። ጆሮዬ ላይ ነቀነቀው። ውስጡ ውሃ ይንቦጫረቃል። "ክትባት ይዘን ቤት ለቤት ስንወጣ ይሄን ድምፅ ሳንሰማ ሳጥን ውስጥ አናስገባውም" አለኝ። "ሁሉም ሰው የሚፈራው ሙቀቱን ነው፤ ብርዱም ያበላሻል።"

ከዚያ ወደ ከተማው ሆስፒታል ላኩን። ጋሼ ሁለት ሌሊት ተኙ፤ ግሉኮስ የሌለው ፈሳሽና አዲስ ኢንሱሊን ተሰጣቸው። በሦስተኛው ቀን ሻይ ያለ ስኳር ይዤላቸው ስገባ፣ "ማሰሮዬ የት አለች?" ብለው ጠየቁኝ። ጅማ ጥያት መጥቻለሁ። ሥራው ሦስት ቀን ዘገየ።

ጅማ ስንመለስ የዘገየንበትን ምክንያት ሪፖርት ላይ መጻፍ ነበረብኝ። መጀመሪያ "በከፍተኛ ሙቀት ምክንያት" ብዬ ጻፍኩ። ምን ያምራል! ማንም አይጠይቅም። አንድ ቀን አሳደርኩት። ከዚያ ሰረዝኩና መድኃኒቱን በረዶ አስመትቼ ያበላሸሁት እኔ ነኝ ብዬ ጻፍኩ። አለቃዬ ሁለቴ አነበቡት። "በዚያ ሙቀት? በረዶ?" አሉና ፈረሙ። አሁን ድረስ ኮሪደር ላይ ሲያገኙኝ ፈገግ ይላሉ።

በኋላ አንዲት የፋርማሲ ባለሙያ እንዳስረዳችኝ የተከፈተ ኢንሱሊን ከ30 ዲግሪ በታች እስከሆነ ድረስ ፍሪጅ ሳይገባም አራት ሳምንት ያህል ይቆያል። ስለዚህ ጅማ ላይ ጋሼና ማሰሯቸው ትክክል ነበሩ። ጋምቤላ ላይ ማሰሮዋ ብቻዋን ትበቃ ነበር ወይ? ጨርቁ በትነት ስለሚያቀዘቅዝ ቢያንስ ትረዳቸዋለች፤ ቢያንስ በረዶ አታስመታም።

አሁን ዝርዝሬን ከኢንተርኔት አልጀምርም፣ ከሰው ነው የምጀምረው። ስብሰባ ላይ ግን አልጠይቅም። ስብሰባ ላይ "የጤና ችግር ያለበት?" ስትል ሁሉም ጤነኛ ነው። ቡና ሰዓት አንድ በአንድ እጠይቃለሁ። እንዲህ ሳደርግ ነው አንዱ ልጅ አስም እንዳለበት፣ የሚነፋው መድኃኒቱም ሁልጊዜ ሻንጣው ውስጥ ፖርቶመጋላ ላይ፣ ከሸራ ሥር በፀሐይ ሲቀቀል እንደሚሄድ የሰማሁት። አንዷ ደግሞ ፊልድ ላይ ሞዴስ የሚሸጥ ሱቅ አጥታ ምን እንዳሳለፈች ነገረችኝ፤ አሁን ሣጥኑ ውስጥ አለ፣ ማንም ሳይጠይቅ ያነሳል። የሚዋጥም የሚወጋም መድኃኒት በእጅ ቦርሳ ነው የሚያዘው፣ ከቀኑ ትርፍ ተደርጎ፣ ለሁለት ተከፍሎ። ክሩስኮቶ ላይ ምንም አይቀመጥም። አጎበር ስንይዝ ሲባጎና ሚስማር አብሮ ይያዛል፣ ምክንያቱም ባለፈው አጎበር እያለን ማንጠልጠያ አጥተን ሁለት ሌሊት እንደ ብርድ ልብስ ለብሰነዋል። ከመካከላችን አንዱ ከተመለስን በአሥራ ሁለተኛው ቀን አተኮሰው። ደግነቱ ክሊኒክ ሲገባ ከጋምቤላ መምጣቱን ተናገረ፤ ወባ ነበር፣ ታክሞ ዳነ።

እርጥብ ሶፍቱንም እንይዛለን። እሱ ላይ አልተሳሳትኩም።

ዘንድሮ እንደገና ጋምቤላ ደረሰን። ሊነጋጋ ሲል ግቢው ውስጥ ዝናብ ያካፋል፤ ጅማ ናት፣ ምን ይደረጋል። ልጆቹ ሻንጣ ጭነው ጨርሰዋል። ጋሼ በረንዳው ላይ ጋቢያቸውን ደርበው ቡና ይዘዋል፤ ማሰሮዋ እግራቸው ሥር፣ መለኪያው ኪሳቸው ውስጥ ነው። ለመጠባበቂያው ብልቃጥ ያወጣኋቸው ሃይላንዶች ጠረጴዛው ላይ ተደርድረዋል። አንዱን አንስተው ጆሯቸው ላይ ነቀነቁት።

"ጋሼ፣ ረፈደ እኮ። እንሂድ?"

"ገና አላላበውም" አሉና መልሰው አስቀመጡት።

ወንበር ስቤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ሁለተኛ ቡና ተቀዳልኝ።