ጥላው ወዴት ይወድቃል? ከስካውት ልጆች ጋር አምስት ወር በጅማ

ከጥር ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ከ22 ልጆች ጋር ሜዳ እወጣለሁ። ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 14 ነው። እንደ እኔ ስካውት ለምታስተምሩ፣ ወይም ለመጀመር ለምታስቡ፣ የተሳካልንንና ያልተሳካልንን ላካፍላችሁ። መጀመሪያ ላይ ጨዋታዎቹን የስካውት መመሪያው ላይ እንዳሉ ነበር የማመጣቸው። ጨዋታው የጅማን ፀሐይ፣ የጅማን ዛፍና የልጆቹን ቋንቋ ካላወቀ ልጅ እንደማይዝ የገባኝ ቆይቶ ነው።

የኪም ጨዋታ የሚባለውን ታውቁታላችሁ። 24 ዕቃ ጨርቅ ይለብሳል። ለአንድ ደቂቃ ይገለጣል፣ ተመልሶ ይሸፈናል፣ ልጆቹ ያዩትን ይጽፋሉ። በመጀመሪያው ቀን መርፌ ቁልፍ፣ ባትሪ፣ እስክሪብቶ፣ ሳንቲም ደረደርኩ። አብዛኞቹ ከ10 አላለፉም። በሳምንቱ ዕቃ ከየቤታቸው እንዲያመጡ ነገርኳቸው። ማቶት መጣ፣ ስኒ መጣ፣ ኮረሪማ፣ ማበጠሪያ፣ የባጃጅ ቁልፍ፣ ከሰል። አንድ ልጅ 19 ጻፈ። እንዴት እንደያዘው ስጠይቀው «የቡናውን ዕቃ አንድ ላይ አሰብኩት፣ ከዚያ የጓዳውን፣ ከዚያ ኪስ ውስጥ የሚገባውን» አለኝ። ይህን እኔ አላስተማርኩትም። አሁን ሁሉም በእሱ መንገድ ነው የሚይዙት።

ከሁሉም የምወደው ማድባት ነው። አንዱ ልጅ ዓይኑ ታስሮ መሬት ላይ ይቀመጣል፣ ከፊቱ ቁልፍ ይቀመጣል። ሌሎቹ ከ20 እርምጃ ርቀት ተነስተው ኮሽ ሳያደርጉ ቁልፉን መውሰድ አለባቸው። የታሰረው ድምፅ ወደሰማበት ከጠቆመ የተጠቆመው ይወጣል። ሕጉን 10 ደቂቃ ሳስረዳ ግማሾቹ ሣር መንቀል ጀመሩ። በሚቀጥለው ሳምንት «አኩኩሉ ነው፤ ግን ዛሬ ዓይኑን የጨፈነው አይነሳም፣ እናንተ ናችሁ ወደ እሱ የምትመጡት» ብቻ አልኳቸው። በቃ፣ ገባቸው። ራሳቸው ደግሞ ሕግ ጨመሩበት። የታሰረው «አኩኩሉ!» ሲል ሁሉም «አልነጋም!» ብለው መመለስ አለባቸው። መልሱ ያሉበትን ስለሚያጋልጥ፣ ከመለሱ በኋላ ወዲያው ቦታ መቀየር እንዳለባቸው ደረሱበት። ደረቅ የባሕር ዛፍ ቅጠል ላይ በእግር የውጭ ጠርዝ ቀስ ብሎ መርገጥንም እዚያው ለመዱ።

ዛፍ ነክቶ የመመለስ ሩጫም አለን። እኔ ስም እጠራለሁ፣ ቡድኖቹ ሮጠው ዛፉን ነክተው የወደቀ ቅጠሉን ይዘው ይመለሳሉ። «ቢርቢራ!» ስል ሁለት ቡድኖች የዝግባ ቅጠል ይዘው መጡ። ነጥብ ቀነስኩባቸው። እነሱ ግን ቤታቸው የሚነገረው ኦሮምኛ ነው፣ በኦሮምኛ ዝግባ ቢርቢርሳ ይባላል። ይቅርታ ጠይቄ ነጥባቸውን መለስኩ። ከዚያ ወዲህ ዛፉን በሁለቱም ቋንቋ ነው የምንጠራው። ዋንዛ ዋዴሳ፣ ብሳና መካኒሳ እያልን። ያኔ ዝም ይሉ የነበሩ ልጆች አሁን አስተማሪ ሆነዋል።

አንድ ቀን ግን ደንግጫለሁ። በጅሬን ኮረብታ ግርጌ፣ ባለቤቱን አስፈቅደን፣ በቡና ጥላ ሥር ፈለግ የመከተል ጨዋታ አዘጋጀሁ። በድንጋይ ቀስት «በዚህ ሂድ»፣ የተጣመሩ ሁለት እንጨቶች «በዚህ አትሂድ»፣ ክብ ውስጥ አንድ ጠጠር «ወደ ቤት ሄጃለሁ» ማለት ነው። ምልክቱን ማለዳ አስቀምጬ ነበር፣ ልጆቹ እስኪደርሱ ከብቶች በታትነውታል። አንድ ቡድን 25 ደቂቃ ጠፋብኝ። ቡና ሥር አሥር ሜትር አይታይም። ደህና ነበሩ፣ ግን ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ፊሽካ የያዝኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። አሁን እያንዳንዱ ቡድን ፊሽካ አለው። የጠፋ ባለበት ይቆማል፣ ሦስት ጊዜ ይነፋል። ቡድኑም ትንሽ ነው። የስካውት መሥራቹ ቤደን ፓወል በ1907 እ.ኤ.አ. በእንግሊዟ ብራውንሲ ደሴት የመጀመሪያውን ካምፕ ሲያዘጋጅ 20 ልጆችን በአራት ፓትሮል (ትንንሽ ቡድን) ነበር የከፈላቸው። እኛም በአራት ነን፤ አምስት አምስት፣ ስድስት ስድስት። አንድ ነገር ደግሞ አደራ፦ ጅማ አጠገብ ያለው የቦዬ ረግረግ ወፍ ለማየት ግሩም ቦታ ነው፣ ግን ጉማሬ አለበት። ልጆች ይዛችሁ ወደ ውሃው ዳር አትጠጉ።

ወደ ጥላው ልምጣ። አንድ ሜትር የሚሆን ቀጥ ያለ እንጨት ደልዳላ መሬት ላይ ትተክላላችሁ። የጥላው ጫፍ ላይ ጠጠር ታስቀምጣላችሁ። ከ20 ደቂቃ በኋላ ጫፉ በደረሰበት ሌላ ጠጠር። ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስትሄድ ጥላው ወደ ምሥራቅ ይሸሻልና የመጀመሪያው ጠጠር ምዕራብ፣ ሁለተኛው ምሥራቅ ነው። ጨዋታ ያደረግሁት ቆሎ ደብቄ ነው፦ «ከእንጨቱ 30 እርምጃ ወደ ምሥራቅ፣ ከዚያ 15 ወደ ሰሜን»። አቅጣጫውን ያልለየ ቆሎ አይበላም። ሃያውን ደቂቃ ቋጠሮ እየተለማመድን እናሳልፈዋለን።

እዚህ ላይ አንድ የተሳሳተ ነገር አስተምሬያቸው ነበር። መመሪያው «ቀትር ላይ ጥላ ወደ ሰሜን ይወድቃል» ይላል፣ እኔም እንዳለ ነገርኳቸው። ጥር ላይ ልክ ነበር፤ ጥላው ግማሽ ሜትር ያህል ሆኖ ወደ ሰሜን ተዘርግቷል። ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ግን ጭራሽ ጠፋ። የ12 ዓመት ልጅ ናት ያየችው። «ጋሼ፣ እንጨቱ ጥላውን ዋጠው!» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ቤት ገብቼ ካርታ ዘረጋሁ።

ጅማ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ከ40 ደቂቃ ገደማ ላይ ናት። ፀሐይ ደግሞ እስከ 23 ዲግሪ ተኩል ድረስ ወደ ሰሜን ትወጣለች። ስለዚህ ሚያዝያ ላይ አናታችን ላይ ደርሳ ታልፈናለች፣ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ድረስ ቀትር ላይ በሰሜን በኩል ናት። የመመሪያው ሕግ ለእንግሊዝ ነው የተጻፈው። እዚያ የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ ናት። በእጅ ሰዓት አቅጣጫ የመለየት ዘዴም (አጭሩን ዘንግ ወደ ፀሐይ አዙሮ ደቡብን መፈለግ) በዚሁ ምክንያት በክረምት እኛን ያሳስተናል፤ ያውም በሐበሻ ሰዓት የተሞላ ከሆነ። ጥላው የሚያጥርበት ሰዓትም 6 ሳይሆን 6 ተኩል አካባቢ ነው። ሰዓታችን የተቆረጠው በ45ኛው ዲግሪ ኬንትሮስ ነው፣ ጅማ ግን ከዚያ በስተምዕራብ 37ኛው አጠገብ ናት፤ ስለዚህ ፀሐይ ግማሽ ሰዓት ያህል ዘግይታ ትደርስልናለች። አንድ እንጨት ያላችሁ ይህን ከልጆች ጋር ሞክሩት፣ ከመጽሐፍ ከማንበብ ይልቅ እጅግ ይጣፍጣል።

ባለፈው ቅዳሜ ደመናው ለጥቂት ደቂቃ ተገለጠልን። ጥላው ከስንዝር ትንሽ በልጦ ወደ ደቡብ ወድቋል። ልጅቷ ደብተሯ ላይ ሦስት እንጨት ሥላለች፤ የጥር፣ የሚያዝያ፣ የሰኔ። አራተኛውን ቦታ ባዶ ትታዋለች። እንደ ስሌታችን ነሐሴ 27 ገደማ ጥላው እንደገና ይጠፋል። ዝናብም ቢሆን እንገናኛለን ብለዋል።