የበሩ ሽቦ

ዛሬ የአሮጌዋን ስፖርት መኪናዬን የስፒከር ሽቦ ስቀይር ዋልኩ። የግራው ስፒከር በሩ ሲከፈት ይዘፍናል፣ ሲዘጋ ዝም ይላል። ጉዱ የተገኘው በበሩ ማጠፊያ በኩል ካለው የላስቲክ ቱቦ ውስጥ ነው፤ ሽቦው ለዓመታት ሲተጣጠፍ ኖሮ መዳቡ አረንጓዴ ዝገት ለብሷል፣ ፕላስቲኩም ገና ስነካው እንደ ደረቅ ቅጠል ተፈረፈረ። አዲሱን በዚያች ጠባብ ቱቦ ማሾለክ ደግሞ ትዕግሥት ያስጨርሳል! መኪናዋን የነደፏት ሰዎች የሕፃን ጣት ሳይኖራቸው አይቀርም።

ፖዘቲቭና ኔጋቲቩን ለመለየት የ1.5 ቮልት ባትሪ ለአፍታ አስነካሁ። የስፒከሩ ወረቀት ወደ ውጭ ከገፋ የባትሪው ፖዘቲቭ የነካው ሽቦ ፖዘቲቩ ነው። የአንዱ ስፒከር ሽቦ ከተገለበጠ የግራና የቀኙ ድምፅ እርስ በርስ ይጠፋፋል፤ ወፍራሙ ድምፅ ይሳሳል።

ማምሻውን ሞተሩን ሳላስነሳ ሙዚቃ ከፍቼ ተቀመጥኩ። የቀኙ በር ለቅዳሜ ተቀጥሯል።