ላክስተን፦ አጥር አልባዎቹ ማሳዎች

ከለንደን ኪንግስ ክሮስ ባቡር ጣቢያ እስከ ኒውአርክ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ሰሜን ምዕራብ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀራል፤ በአውቶቡስ ከመተማመን መኪና ይዞ መሄድ ይሻላል። መንገዱን ግራና ቀኝ የቁጥቋጦ አጥር ይዞት ይሄዳል። ላክስተን ገበሬዎቿ እስከ ዛሬ አጥር በሌላቸው የጋራ ማሳዎች የሚያርሱባት የእንግሊዝ መንደር ናት። ከመንደሩ ወጣ ብዬ ወደ ማሳዎቹ ስዘልቅ አጥሩ ጠፋ፤ ፊት ለፊቴ የተዘረጋው እርሻ ብቻ ነበር።

የፖስታ ካርድ መንደር የሚጠብቅ ሰው እዚህ ቅር ሊለው ይችላል። ቤቶቹ ቀይ ጡብ፣ ጣሪያቸውም ሸክላ ነው። ብዙዎቹ የገበሬ ቤቶች ፊታቸውን ሳይሆን ጎናቸውን ለመንገዱ ሰጥተው፣ ጎተራና በረታቸውን ከኋላ አስከትለው ተደርድረዋል። በሌላው የእንግሊዝ ገጠር ገበሬው ብዙውን ጊዜ በማሳው መካከል ለብቻው ይኖራል። የላክስተን ገበሬ መሬት ግን በሦስት አቅጣጫ የተበታተነ ስለሆነ፣ ከሁሉም እኩል የሚቀርበው መንደሩ ነው።

ሦስቱ ማሳዎች ምዕራብ ማሳ፣ ደቡብ ማሳና የወፍጮ ማሳ ይባላሉ፤ በጠቅላላ 200 ሄክታር ገደማ ናቸው። አንዱ በጥቅምት ገደማ ስንዴ ሲዘራበት፣ ሁለተኛው በመጋቢት ገደማ ገብስ ወይም ሌላ እህል ይዘራበታል፣ ሦስተኛው ጦም ያድራል። በየዓመቱ ተራው ይዞራል። ጦም አደር ሲባል በድሮው ስሙ ነው፤ ዛሬ የከብት መኖ ይበቅልበታል። በየማሳው ውስጥ የእያንዳንዱ ገበሬ ድርሻ ረጅም ቀጭን ቁራጭ ነው። የጥንቱ ልክ 201 ሜትር በ20 ሜትር፣ ማለትም አንድ ኤከር ነበር። ኤከር በሬዎች በአንድ ቀን የሚያርሱት መሬት ነው፤ ሐሳቡ ከእኛ ጥማድ ጋር አንድ ነው፣ ስፋቱ ግን ይበልጣል። ቁራጩ የረዘመው ያለ ምክንያት አይደለም፦ እስከ ስምንት በሬ የሚጎትተውን ከባድ ማረሻ ማዞር አድካሚ ስለሆነ፣ ማዞሪያው በቀነሰ ቁጥር ሥራው ይፈጥናል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ቁራጮቹ ተጠቃልለው ሰፍተዋል፤ ትራክተር የሚገባባቸውም ለዚህ ነው።

ለማረስ የማይመቹት ረግረጋማና ቁልቁለት ቦታዎች «ሳይክ» ይባላሉ። ሣር እንደለበሱ ይተዋሉ፤ ሣሩ በእንግሊዝ በጋ (በእኛ ክረምት መግቢያ) ለገበሬዎቹ በጨረታ ይሸጣል። ማረሻ ነክቷቸው ስለማያውቅ የዱር አበባቸው ብዙ ነው።

አጥር በሌለበት ዋናው ችግር ድንበር መግፋት ነው። ማንም በአንድ ጊዜ የጎረቤቱን መሬት አይወስድም። ዘንድሮ አንድ ትልም፣ ከርሞ ሌላ ትልም እያለ ይሄዳል፤ በአሥር ዓመት ውስጥ መንገዱ ይጠባል፣ ሳይኩም ያልቃል። ስለዚህ በየዓመቱ በኖቬምበር መጨረሻ ባለ አንድ ሐሙስ (በእኛ ኅዳር አጋማሽ) ከመንደሩ የተሾሙ 12 ሰዎች ከአለቃቸው ጋር ስንዴ የተዘራበትን ማሳ ይዞራሉ። የቁራጮቹን ወሰን ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው በዓይን ያስተካክላሉ፣ ችካል በመዶሻ ይተክላሉ፣ ከችካሉ ያለፈውን ትልም ይመዘግባሉ። ያልተጠረገ ቦይም አያመልጣቸውም። ከሳምንት በኋላ ዳቭኮት በተባለው መጠጥ ቤት ችሎት ይቀመጣል፤ ጥፋተኛው ይቀጣል፣ ለሚቀጥለው ዓመት ማሳም አዲስ ሰዎች ይምላሉ። ቅጣቱ ጥቂት ፓውንድ ነው። የሚያሳፍረው ግን በጎረቤት ፊት ስም መነሳቱ ይመስለኛል።

ችሎቱ የቱሪስት ትርኢት አይደለም። በ1977 (እ.ኤ.አ.) የወጣ ሕግ በእንግሊዝ የነበሩትን እንዲህ ያሉ የመንደር ችሎቶች ሥልጣን ሲሽር ላክስተንን በስሟ ለይቶ አስቀርቷታል።

ማሳዎቹ እንዴት ተረፉ? በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን ብዙ የእንግሊዝ የጋራ ማሳዎች በፓርላማ አዋጅ ተከፋፍለው ታጠሩ። ላክስተን ላይ የሁለቱ ትልልቅ ባለመሬቶች የማንቨርስና የስካርብሮ መኳንንት አለመስማማት እንዳዘገየው ይነገራል። በ1952 የማንቨርስ ቤተሰብ መሬቱን ለግብርና ሚኒስቴር ሸጠ፤ በ1981 ወደ ዘውዱ ይዞታ ተዛወረ፤ በ2020 ደግሞ ወደ ማንቨርስ ወራሾች ርስት ወደ ቶርስቢ ተመለሰ። በ1635 ማርክ ፒርስ የተባለ ቀያሽ እያንዳንዱን ቁራጭ የሣለበት ካርታ ኦክስፎርድ ውስጥ በቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት አለ፤ የሚያርሱና የሚያጭዱ ጥቃቅን ሰዎች ሳይቀሩ ተሥለውበታል።

ጊዜ ካላችሁ ከመንደሩ በስተ ሰሜን የኖርማኖችን (በ1066 ከፈረንሳይ መጥተው እንግሊዝን የያዙትን) የአፈር ምሽግ ውጡ። በቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ከኦክ (በሉጥ) እንጨት የተጠረበ የመካከለኛው ዘመን የሴት ምስል አለ፤ መንደሩ ባለበት አውራጃ በኖቲንግሃምሻየር ከእንጨት የተሠራ የዚያ ዘመን ምስል እሱ ብቻ ነው።

አፈሩ እንደ ዋልካ ይጣበቃል፤ በኖቬምበር ቦት ጫማ የግድ ነው። በማሳዎቹ መካከል ካለው የሣር መንገድ አትውጡ። ቡቃያው ገና ጣት ስለማይሞላ ሣር ይመስላል፤ እንግዳ ሰው ሳያውቅ የሚረግጠውም ለዚህ ነው።