እርጥብ ዱካ

አባቴን የሰፈሩ ሰው «ሽመላ» ይለው ነበር። ቅልጥሙ ቀጭን ነው። ሲራመድ ጉልበቱን ብድግ አድርጎ እግሩን ጧ ያደርገዋል። ጣና ላይ ግን ሌላ ሰው ነበር። ታንኳው ላይ ቁጭ ካለ የሚቀድመው አልነበረም። «ውሃ እንቅፋት የለውም» ይል ነበር። ሕመሙን «ብርድ መቶት ነው» አሉት፤ በቅቤ ታሸ፣ ጠበል ተወሰደ፣ በቃ።

እኔ 26 ዓመት ሲሆነኝ ሸበጥ ከእግሬ ሲወልቅ አይታወቀኝም ጀመር። አንድ ቀን አስፋልት ተሻግሬ ዞር ስል አንዱ ሸበጤ መሐል መንገድ ቀርቷል። ባጃጅ ረግጦት አለፈ። አዲስ አበባ ሄድኩ። በኤሌክትሪክ እየነዘሩ የነርቬን ፍጥነት ለኩ። ሻርኮ ማሪ ቱዝ የሚባል በዘር የሚወረስ የነርቭ ሕመም ነው አሉኝ። እናቴ ቱዝ ሲባል የጥርስ በሽታ መስሏት ነበር። የለም፣ እ.ኤ.አ. በ1886 ሕመሙን የገለጹት የሦስት ሐኪሞች ስም ነው፤ ሁለቱ ፈረንሳውያን፣ ቱዝ ደግሞ እንግሊዛዊ።

ነርቭን እንደ መብራት ገመድ አስቡት። የእኔ ዓይነቱ የሚጎዳው ላስቲኩን ነው፤ መልእክቱ ይዘገያል። ረጅሙ ነርቭ ቀድሞ ስለሚጎዳ ከእግር ይጀምርና ወደ እጅ ይመጣል። የሚያድን መድኃኒት እስካሁን የለም። ፊዚዮቴራፒ አለ። ቁርጭምጭሚት ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ፕላስቲክም አለ፤ እሱን ከካልሲ ላይ ስለምደርበው ጫማ የምገዛው አንድ ቁጥር ጨምሬ ነው።

ደግነቱ የተወለድኩት ባሕር ዳር ነው። ከተማው ሜዳ፣ ሰዉ ባለሳይክል። መሬት ላይ አነክሳለሁ፤ ሳይክል ላይ ማንም አያውቅብኝም። ሥራም፣ ገበያም፣ ለቅሶም በሳይክል ነው። ጠጋኙ ደንበኛዬ የፍሬኑን እጀታ ወደ መያዣው አስጠግቶልኛል፣ በሁለት ጣት እንድይዘው።

ያናደደኝ እጄ ነው። የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ ቀኑን ሙሉ ስፈርም እውላለሁ። አንድ ባንክ «ፊርማዎ አይመሳሰልም» ብሎ የራሴን ብር ከለከለኝ። አምስት ጊዜ ፈረምኩ። አምስቱም እርስ በርሳቸው እንኳ አይመሳሰሉም! አሁን ፊርማዬ አንድ ሰረዝና አንድ ነጥብ ነው። እሱንም ቀይረው ካሉኝ እንጃ።

ልጄ ስምንት ዓመቷ ነው። የእኔ ዓይነቱን የመውረስ ዕድሏ ግማሽ በግማሽ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጣና ዳር እንወጣለን። እግሯን ትነክርና ሲሚንቶው ላይ ትሮጣለች። የእኔ እርጥብ ዱካ ተረከዝና የጣት ሥር ብቻ ነው፣ መሐሉ ደረቅ። የአባቴም እንደዚያ ነበር። የእሷን ፀሐይ ሳያደርቀው ጎንበስ ብዬ አያለሁ።

«አባዬ፣ ደግሞ እግሬን ታያለህ?»

«አላየሁም።»

«አይተሃል! ይልቅ ና ዓሣ ግዛልኝ።»

ገዛሁላት። እሾሁን እሷ ለቀመችልኝ። ለእኔ ጣት አይያዝም።