ሊንክ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፦ ስለ ፖለቲካ፣ ሚዲያና ቴክኖሎጂ መጽሐፍ ስጽፍ የገጠመኝ

ስለ ፖለቲካ፣ ስለ መገናኛ ብዙኃንና ስለ ቴክኖሎጂ ኢ-ልቦለድ መጽሐፍ ለመጻፍ ለተነሣ ሰው፣ ከአጻጻፍ ስልት በፊት የምነግረው ስለ ማስረጃ አያያዝ ነው። ንድፉን ማውጣት፣ ሰዎችን ማነጋገርና ረቂቁን መጨረስ ትዕግሥት እንጂ ሌላ አልጠየቀኝም፤ አሳታሚም ብዙ ሳልንከራተት አገኘሁ። መከራዬን ያየሁት ረቂቁ የሕግ አማካሪው እጅ ሲገባ ነው።

የአሳታሚው መመሪያ ከድረ ገጽ ለተወሰደ መረጃ አድራሻውንና የታየበትን ቀን መጥቀስ በቂ ነው ይላል፤ እኔም እንደተባልኩት አደረግሁ። አማካሪው ግን ባለሥልጣንን ወይም ኩባንያን የሚነካ እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር በሰነድ እንዲደገፍ ጠየቁ። አድራሻዎቹን ስከፍት የፖለቲከኞቹ ልጥፎች ተሰርዘዋል፣ ለምርጫ ቅስቀሳ የተከፈቱት ገጾች ተዘግተዋል፣ አንዳንዱ ዘገባ ደግሞ አድራሻው እንዳለ ሆኖ ይዘቱ ተለውጧል። የከፋውም ይኸኛው ነው፤ የጠፋ ገጽ መጥፋቱ ይታያል፣ ማስታወሻ ሳይጻፍበት የታረመ ገጽ ግን ደራሲውን ውሸታም ያስመስለዋል።

ለአርታኢው አቤት ስል የተሰጠኝ መልስ መመሪያው ዝቅተኛውን መስፈርት ብቻ የሚያስቀምጥ ነው የሚል ነበር። ዝቅተኛ መሆኑን ግን መመሪያው ራሱ አንድም ቦታ አይናገርም፤ ይህ እስከ ዛሬ ያበሽቀኛል። እውነት መሆናቸውን የማውቃቸው አንቀጾች ወጡ፣ የቀሩትም «ተብሏል» በሚል ቃል ተለሳልሰው ታተሙ።

ጉዳዩ የእኔ መጽሐፍ ብቻ አይደለም። ፒው የምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ጥናት፣ በ2013 ከነበሩ ድረ ገጾች 38 በመቶው ከአሥር ዓመት በኋላ ሊገኙ አልቻሉም። ተመራማሪዎችና ጋዜጠኞች የፌስቡክ ልጥፎችን ስርጭት ይከታተሉበት የነበረውን ክራውድታንግልንም የፌስቡክ ባለቤት የሆነው ሜታ በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ዘግቶታል። ስለዚህ በእንዲህ ያለ መሣሪያ የተገኘን አኃዝ የሚጠቅስ ደራሲ፣ ስሌቱን የሠራበትን ጥሬ መረጃ ራሱ ካላስቀመጠ፣ በኋላ ሊያረጋግጠው አይችልም።

ስለዚህ መመሪያው ምንም ይበል፣ ገጹን ባነበቡበት ሰዓት ሙሉውን በፒዲኤፍ ያስቀምጡ፤ አድራሻውና ቀኑ የሚታይበት ስክሪንሾትም ያንሡ። የድረ ገጾችን ቅጂ በሚያከማቸው ተቋም፣ በኢንተርኔት አርካይቭ፣ ቅጂ ማስቀመጥ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የይለፍ ቃል የሚጠይቁ ገጾችን አብዛኛውን ጊዜ አይዝም፣ ተቋሙም እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 በደረሰበት የሳይበር ጥቃት ለቀናት አገልግሎቱ ተቋርጦ ነበር። ቅጂው በራስዎ እጅም ይኑር።

አሳታሚዎች ትኩስ ክስተት እንዲጨመር አጥብቀው ይወተውታሉ፤ እኔ አልስማማም። ስለ አንድ መተግበሪያ አዲስ ገጽታ የተጻፈ ምዕራፍ መጽሐፉ ከማተሚያ ቤት ሳይወጣ ያረጃል፤ የማስታወቂያው ገንዘብ ወደ ማን እንደሚሄድና ለተጠቃሚው የሚታየውን ማን እንደሚመርጥ የሚያስረዳው ግን ስሞቹ ሁሉ ቢቀየሩም ይነበባል።

ውል ሲፈርሙ ደግሞ የሕግ ምርመራው በየምዕራፉ እንዲካሄድ ይጠይቁ። በሁለተኛው መጽሐፌ ውል ላይ ይህን አስገብቻለሁ፤ አሳታሚው ወጪ ያበዛል ብሎ ቢያጉረመርምም ፈርሟል።